የካህኑ የራሱ ጸሎት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በጎጃም ለሚያገለግሉ ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና መሪጌቶች የተዘጋጀ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ያለውም፣ ከሞጣ ወይም ከሰከላ ወጣ ብሎ ገጠር ያለውም የሚጠይቀው ተቀራራቢ ነው። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ውስጡ የደረቀበት ካህን ብዙ ነው። ጥያቄዎቹን በሚጠየቁበት አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። መልሱ ከአባቶች የሰማሁትና በአገልግሎት ውስጥ ሆኜ ያየሁት ነው። የንስሐ አባትዎ ሌላ ቢመክርዎት የእሳቸውን ይያዙ።

ሌሊት የሰዓታትን ጸሎት ቆሜ፣ ኪዳን አድርሼ፣ ቀድሼ ነው የምወጣው። ከዚህ ሌላ የግል ጸሎት ለምን ያስፈልገኛል?

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። የሚጠይቁትም ሰነፎች አይደሉም፤ ብዙ የሚደክሙ ካህናት ናቸው። መልሴ ግን አጭር ነው፤ ያስፈልግዎታል።

በማኅበር የሚደርሰው ጸሎት የቤተ ክርስቲያን ሁሉ ነው። ካህኑ ስለ ታመሙት፣ ስላረፉት፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ሀገሩ ይለምናል። በቅዳሴው ውስጥ ስለ ራሱ የሚለምንበትም ቦታ አለ። ግን ትናንት ከጎረቤትዎ ጋር በድንበር የተቀያየሙትን፣ ሌላው ቄስ ሲመሰገን ልብዎ ውስጥ የተሰማዎትን፣ የልጅዎ ነገር ያሳደረብዎትን ሥጋት ዝርዝሩን የት ይናገሩታል? መቅደስ ውስጥ ለዚያ ጊዜ የለም።

ደግሞ በአገልግሎት ላይ የካህን ሐሳብ ይበተናል። ዲያቆኑ ተራውን ሳተ? ዕጣኑ ይበቃል? ዛሬ የሚቆርቡት ስንት ናቸው? ያ ሕፃን ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? ይህን ሁሉ ማሰብ የካህኑ ኃላፊነት ነው፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሐሳቡ ሳይከፋፈል በአምላኩ ፊት የሚቆምበት ሌላ ሰዓት ከሌለው፣ ዓመታት ሲያልፉ ድምፁ ብቻ ይቀራል። ዜማው ያምራል፣ እጁ ይባርካል፣ ልቡ ግን እዚያ የለም። ይህን በሌሎች ሳይ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚሆነው ከክፋት ሳይሆን ከመድከም ነው።

የማርቆስ ወንጌልን የመጀመሪያ ምዕራፍ ይመልከቱ። ቅፍርናሆም ላይ ከተማው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ጌታችን ድውያንን ሲፈውስ አመሸ። በማግሥቱ ሳይነጋ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሄደና ጸለየ። ጴጥሮስና ጓደኞቹ ተከትለው አገኙትና ሰው ሁሉ እንደሚፈልገው ነገሩት። በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው ብቻውን የነበረው። ስልኩ ለማያርፍለት የዛሬ ካህን ከዚህ የቀረበ ትምህርት አላውቅም።

እሺ፣ ምን ያህል ልጸልይ? ምኑን?

አዲስ ሥርዓት አያውጡ። ዳዊት ለሳምንት ተከፋፍሎ ተቀምጦልናል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ በየዕለቱ ተከፍሏል። የዕለቱን ሙሉ ማድረስ ካልሆነልዎት አንድ ንጉሥ፣ 10 መዝሙር ማለት ነው፣ በዝግታ ይድገሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳዊትን የተማርነው በልጅነት ነው። አፋችን ብቻውን ይሮጣል። ስለዚህ አልፎ አልፎ መጽሐፉን ገልጠው፣ ጣትዎን ፊደሉ ላይ አድርገው ያንብቡት። በአማርኛም ያንብቡት። ስንት ዓመት በግዕዝ የደገሙት ቃል በአማርኛ ሲያነቡት ድንገት ልብ ይነካል። ከዚያ በራስዎ አነጋገር ትንሽ ይናገሩ። የንስሐ ልጆችዎን በተራ፣ በቀን አንድ ቤት፣ በስም እየጠሩ ያስቡ።

ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት መጠበቅ ለሁሉም አይሆንም። ነግህን፣ ማለትም የጠዋቱን፣ እንዲሁም የመኝታውን ግን አይልቀቁ።

ገበሬም ነኝ። ከሰኔ ጀምሮ እህሉ ጎተራ እስኪገባ መቆሚያ የለኝም።

የጎጃም ገጠር ካህን አብዛኛው እንዲሁ ነው። ደብሩ የሚሰጠው ለቤተሰብ አይበቃም፤ ስለዚህ ሞፈሩን ይይዛል። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚያስተምረው። ይህ ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።

ከበሬ ኋላ ሲሄዱ ዳዊት መድገም ይቻላል፤ ብዙ አባቶች እንደዚያ ነው የኖሩት። ሆኖም እሱ ብቻውን በቂ አይደለም። በሬው እየተጠራ፣ እርፉ እየተያዘ የሚደገም ጸሎት አንድ ነገር ነው፣ ምንም ሳይዙ መቆም ሌላ። በሬዎቹን ከማስነሣትዎ በፊት ያለችውን ጊዜ ለዚያ ያድርጓት። ሩብ ሰዓት ትሁን። በጤፍ ዘር ሰሞን ከሩብ ሰዓት በላይ የሚጠይቅዎ የለም፤ በየቀኑ መሆኗ ነው ቁም ነገሩ።

ቅዳሴ ገብቼ ምንም አይሰማኝም። ልቀድስ ወይስ ልቅር?

በመጀመሪያ አይደንግጡ። ስሜት ማጣት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኅብስቱና ወይኑ የሚለወጠው በመንፈስ ቅዱስ ነው፤ ካህኑ ያን ቀን እንባ ስለመጣለት ወይም ስለቀረበት አይደለም። ሕዝቡ በእርስዎ ድርቀት ምክንያት ምንም አልጎደለበትም። ደግሞ ለቅዳሴ ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። በገጠር ደብር እርስዎ ከቀሩ ቅዳሴው ሊታጎል ይችላል። ስለዚህ ስሜት ስለጠፋ ብቻ አይቅሩ።

ከዚያ ግን ምክንያቱን ይፈልጉ። ምክንያቱ እንደየሰዉ ይለያያል፤ መድኃኒቱም እንዲሁ።

አንዳንዱ የደከመ ብቻ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ አለ፤ በየሳምንቱ ሌሊቱን ቆሞ ማደር ነው። እሱ ሳያልቅ አጨዳው ይደርሳል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ታኅሣሥ ላይ እንዲህ ያለ ካህን "መንፈሳዊነቴ ጠፋ" ብሎ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም። ዳቦና ውኃ ሰጠው፤ በላና ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው። እግዚአብሔር በለሆሳስ ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። በሬም ቢሆን ማታ ማታ ቀንበር ይወርድለታል። ካህንም ይተኛ።

ሌላው ደግሞ ለምዶታል። ቅዱሱን ነገር በየቀኑ የሚነካ እጅ መንቀጥቀጡን ይረሳል። ይህ ከድካም የበለጠ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም አያምም። ለዚህ የጠቀመ ያየሁት ቀላል ነገር ነው፦ ቀድሞ መድረስ። ሰው ሳይመጣ ቅኔ ማኅሌት ገብቶ፣ ወሬ ሳይጀመር፣ ማን ፊት ሊቆም እንደሆነ እያሰቡ ዝም ብሎ መቀመጥ። ልብሰ ተክህኖ እየለበሱ ስለ እድር ወይም ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አለማውራት። ጥቂት ሳምንት ይሞክሩት።

ሦስተኛው የተደበቀ ነገር ያለበት ነው። ቂም ሊሆን ይችላል፣ የሰው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ "ልቀድስ ወይስ ልቅር" የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። የሚቀድስ ካህን ይቆርባል፤ ቂም ይዞ መቁረብ ደግሞ አይገባም። ወደ መቅደስ ከመግባትዎ በፊት ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። ዛሬውኑ።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ መኖር ካስጠላ ግን ይህ ሕመም ነው። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ሐኪም ቤትም ይሂዱ። ሐኪም ቤት መሄድ የእምነት ማነስ መስሎ የሚታየው ካህን ካለ ተሳስቷል።

ካህንም የንስሐ አባት ያስፈልገዋል?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ያንብቡ ብባል ይህን ነው የማስነብበው። አዎ፣ ያስፈልገዋል። "የንስሐ አባት አለዎት?" ሲባል አብዛኛው ካህን "አለኝ" ይላል። "መጨረሻ የተናዘዙት መቼ ነው?" ሲባል ግን ዝምታ ይሆናል።

ለምን እንደሚከብድ ይገባኛል። አንድ አጥቢያ ውስጥ ያሉ ካህናት አብረው ማኅሌት ይቆማሉ። አብረው ሰበካ ጉባኤ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ አንዱ የሌላውን ሹመት ይፈልጋል። ነገ ለገበዝነት ከሚፎካከረኝ ሰው ፊት ዛሬ ኃጢአቴን እንዴት ልዘርዝር? ጎጃም ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል፤ በዘመድ ወይም በጉባኤ ቤት የማይገናኝ ካህን የለም። ከአፍ ባይወጣም ዓይን ያሳፍራል።

ስለዚህ ከአጥቢያዎ ውጭ ይፈልጉ። የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆንም ይሁን። ገዳም ያሉ አባት ቢሆኑ መልካም ነው። በቅኔዎ የማይደነቁ፣ ከማዕረግዎ ምንም የማይፈልጉ፣ ሥልጣን ቢይዙ ቢለቁ ግድ የማይሰጣቸው አረጋዊ ይምረጡ። ጊዜውንም ይወስኑ። ሰባቱ አጽዋማት አሉልን። እያንዳንዱ ጾም ሲገባ መናዘዝን ልማድ ያድርጉ። ጊዜ ሲፈቅድልኝ እሄዳለሁ የሚል አይሄድም።

ሲሄዱም እንደ ባልደረባ ተቀምጠው ስለ ሀገረ ስብከቱ አያውሩ። እንደ ማንኛውም ምእመን ተንበርክከው ይናዘዙ። ትናንሹን ጭምር ይናገሩ። ቀኖና ሲሰጥዎት "እኔ እኮ ካህን ነኝ" አይበሉ። ለሌላው 40 ስግደት የሚያዝ ሰው ራሱ የታዘዘውን ስግደት ካልሰገደ፣ የሰጠው ቀኖና ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቅም። ሳያውቅ ያከብዳል ወይም ሳያውቅ ያቀላል።

ካህን የሰው ምሥጢር ይሸከማል። ለሚስቱ አይነግር፣ ለወንድሙ አይነግር። የተነገረውን ሳያወጣ "አባቴ፣ የሰማሁት ነገር ከበደኝ፤ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል" ማለት ግን ይችላል። የንስሐ አባት ለዚህም ነው።

ቅኔ ቤት ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጬ፣ ትምህርቱ ለነፍሴ አልበቃም?

ይህ የእኛ ሀገር ጥያቄ ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ መንገዳቸው የታወቁት እዚሁ ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው ሲጠራ የትም ያለ ሊቅ ያውቃቸዋል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪዘርፍ ድረስ ተማሪው ስንት ይለፋል! ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ፣ ከውሻ እየተሟገተ። በዚህ ትምህርት እኮራለሁ። ለአምላክ የሚቀርብ ምስጋና በየጊዜው አዲስ እንዲሆን ያደረገ ሥርዓት ነው፤ የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም።

ነገር ግን አደጋ አለው። ቅኔ የሚሰማ ሰው ይፈልጋል። ሰሚው "ይበል!" ሲል ልብ ይሞቃል። ቀስ በቀስ ልብ የሚሞቀው በዚያ ብቻ ይሆናል። ራስዎን ለመመርመር የሚረዱ ሁለት ነገሮች ልንገርዎት። የለፉበትን መወድስ አቅርበው ማንም "ይበል" ሳይል ቢያልፍ፣ የዚያ ቀን ጸሎትዎ ይቀዘቅዛል? አብሮዎት የተማረ ከእርስዎ የበለጠ ቢዘርፍ፣ ደስ ይልዎታል? መልሱን ለእኔ መንገር አያስፈልግም።

ለሚቀርቡኝ ቅኔ አዋቂዎች የምመክረው አለ። በሳምንት አንድ ጉባኤ ቃና ለማንም የማይሰጥ ይቀኙ። በወረቀት አይጻፍ፣ ለተማሪ አይነገር፣ በማኅሌት አይቅረብ። በጸሎትዎ ሰዓት ለእግዚአብሔር ብቻ ያቅርቡትና ይርሱት። መጀመሪያ ላይ ያንገበግባል፤ በተለይ ያማረ ሲሆን። ምክሩን የተቀበሉት ሰዎች በኋላ ቅኔያቸው ራሱ እንደተለወጠ ነግረውኛል።

ንባብንም በዚህ ዓይን ይዩት። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ፣ እነዚህ መጻሕፍተ መነኮሳት በአብዛኛው ለትምህርት ወይም ለስብከት ጥቅስ ፍለጋ ነው የሚገለጡት። አንድ ገጽ ለራስዎ ያንብቡ። ከዚያች ገጽ ለሰው ምንም አይጥቀሱ።

ተዝካር፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር አይቀርም። ጠላው ይቀዳል፣ አረቄው ይከተላል።

ይሂዱ፣ ይባርኩ፣ ይብሉ፣ ቶሎ ይነሡ። አረቄውን ይተዉት። "አባ ካልጠጡልኝ ቅር ይለኛል" የሚል ባለቤት አይጠፋም። "ሌሊት ሰዓታት አለብኝ ልጄ" ይበሉት፤ እውነት ነው፣ እሱም ያከብረዋል። ካህን በጠላ ቤት ተቀምጦ ሲያመሽ ያየ ልጅ፣ በማግሥቱ እጁን ሲሳለም ምን እንደሚያስብ ያስቡ።

ሐዘን በዛብን። ቀብር፣ ፍትሐት፣ ደግሞ ቀብር። እኔን ማን ያጽናናኝ?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነው። የጎጃም ካህን የቀበረውን ወጣት፣ ያጽናናትን እናት እሱ ነው የሚያውቀው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ካህን ፊቱ ራሱ ይናገራል።

መጀመሪያ፣ ሁሉን ማስረዳት ግዴታዎ አይደለም። ልጇን ያጣች እናት "ለምን?" ስትል ትምህርት እየጠየቀች አይደለም። አጠገቧ ይቀመጡ። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ በመቃብሩ አካባቢ አልቅሷል። ካህን ቢያለቅስ ክህነቱ አይቀልም።

ብቻዎን አይሂዱ። ደቀ መዛሙርትን ጌታ የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው። ለለቅሶ ቤትም ሌላ ካህን ወይም ዲያቆን ይዘው ይሂዱ፤ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ስላያችሁት ተነጋገሩ። ከቀብር ወደ ሌላ ጉዳይ ወዲያው አይሩጡ። ትንሽ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር ይቀመጡ።

ለዚህ ጊዜ የሚሆን ጸሎትም አለ። በሐሙስ ዳዊት ውስጥ 87ኛውን መዝሙር ይፈልጉ። ያዘነ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጮኻል። ሌሎቹ የኀዘን መዝሙራት በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው በጨለማ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህንን መዝሙር አልቀነሰችም፤ በየሳምንቱ ድገሙት አለችን። መጽናኛ ቃል ባጡበት ሌሊት እሱን ብቻ ይድገሙ። በእግዚአብሔር ፊት እንደዚያ ማለት ተፈቅዷል።

ስልኩስ?

ስልክ ለካህን ጥሩ ነው፤ የታመመ ሰው ሌሊት የሚጠራዎት በሱ ነው። የዩቲዩቡና የቲክቶኩ ነገር ግን ልብ ይበትናል። የአንዱ ሰባኪ ስብከት ስንት ሰው እንዳየው፣ ሌላው ማንን እንደ ሰደበ ሲከታተሉ ሰዓታቱ ይደርሳል። ከጸሎትዎ በፊት ስልክዎን አይክፈቱ። የእርስዎን ስብከት ቀርጸው ከለቀቁት ይልቀቁት፤ ሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ግን አያንብቡ። የሚያሞግሰውም የሚሳደበውም እኩል ይጎዳል። ወደ መቅደስ ይዘውት መግባት እንደሌለብዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ባለቤቴ "ለሰው ሁሉ አባት፣ ለእኛ እንግዳ" ትለኛለች።

ምናልባት ልክ ናት። የቄስ ሚስት ብዙ ከፍላለች። ካህኑ ከመቀሰሱ በፊት ነው የሚያገባት፤ ብትሞትበት ሌላ አያገባም። ለዚህ ለአንድ ትዳር ሲባል እሷም በጾም በበዓሉ፣ በሌሊት በቀትሩ ብቻዋን ትውላለች፣ ታድራለች። እንግዳ ይመጣባታል። ቅሬታዋን የአገልግሎት ፈተና አድርገው አይቁጠሩት።

ማታ በቤት የሚደርስ አጭር ጸሎት ይኑር። ልጆቹ አባታቸውን ያለ ካባና ያለ መስቀል፣ በአማርኛ፣ ስለ እነሱ ሲጸልይ ይስሙት። የካህን ልጆች ከቤተ ክርስቲያን የሚርቁት አባታቸው ውጭ ሌላ፣ ቤት ሌላ ሲሆንባቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ማንም እንግዳ የሌለበት ማዕድ ደግሞ ይኑራችሁ።

ሱባኤ መግባት እፈልጋለሁ። መቼና የት?

ምእመኑ የሚገባው በፍልሰታ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15። ለካህኑ ግን ያ ጊዜ አይመችም፤ በየዕለቱ ቅዳሴ አለ። ለገጠር ካህን ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለው ጊዜ ይሻለዋል። እህሉ ገብቷል፣ እርሻው አልተጀመረም። ተረኛውን አስፈቅደው 3 ቀን ይውጡ።

ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባቸው የጣና ገዳማት አሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ወንዶች ብቻ የሚገቡባቸው ናቸው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አለች። ወደ ምሥራቅ ላለ መርጡለ ማርያም ወይም ዲማ ሊቀርብ ይችላል። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ አይሂዱ። የጎረቤት ደብር ጫካ ውስጥ ያለች ጎጆም ትበቃለች።

እዚያ ሲደርሱ ማዕረግዎን አይናገሩ። አስተምሩን ቢሉዎት ይቅርታ ይጠይቁ። ውኃ መቅዳት ወይም እንጨት መፍለጥ ካለ ይሥሩ። ሁልጊዜ ሰጪ የሆነ ሰው ለሦስት ቀን ተቀባይ መሆን ያስፈልገዋል።

የሰበካ ጉባኤው የገንዘብ ጭቅጭቅ ነፍሴን በላት።

ሰበካ ጉባኤ የተቋቋመው ይህን ሸክም ለማካፈል ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. የወጣው በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው። እሳቸው የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው፤ በኋላ ደርግ ገደላቸው። በደንቡ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው ይወከላሉ። ሐዋርያትም ማዕድ ማደሉን ለሰባቱ ሰጥተው እነሱ ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት ተጉ። ስለዚህ ገንዘብ ያዥነቱን፣ የጨረታውን፣ የግንባታውን ነገር የሚያውቅ ምእመን ይያዘው። እርስዎ ይጠይቁ፣ ይቆጣጠሩ፣ ካዝናውን ግን አይያዙ። "ካልያዝኩት ይሰረቃል" የሚል ካህን ብዙ ጊዜ ገንዘቡም ጸሎቱም ይጠፋበታል።

እኛ ምእመናን ነን። አባታችንን በምን እንርዳቸው?

ስትቸገሩ ብቻ አትጥሯቸው። ጤንነታቸውን ጠይቁ። በእርሻ ሰሞን አንድ ቀን ወንፈል ውጡላቸው። ከሌላ ካህን ጋር እያወዳደራችሁ አታሙ፣ እያወዳደራችሁም አታሞግሱ። ክርስትና ስማቸውን ጠይቁና በጸሎታችሁ አስቡት። "ጸልዩልኝ" ብላችሁ ስትሄዱ እሳቸውም የሚጸልይላቸው ሰው እንደሚፈልጉ አትርሱ።

ዲያቆን ነኝ። በቅርቡ ልቀስስ ነው። ምን ላስቀድም?

እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ወንድሜ። ሹመቱ ሳይመጣ የንስሐ አባትህን ምረጥ፤ ከተሾምክ በኋላ ማፈር ይጀምርሃል። የግል ጸሎትህን ሰዓትም አሁን ወስን፤ ባለቤትህ ትወቀው። በዚያ ሰዓት አንተን ፈልጎ የመጣ እንግዳ ቡና እየጠጣ ይጠብቅህ።

የኔታ በሕይወት ካሉ ሄደህ ተሰናበታቸው፤ ምርቃት ተቀበል። ምርቃቱን ብቻ ይዘህ አትመለስ። እንዴት እንደሚጸልዩ፣ ድርቀት ሲመጣባቸው ምን እንዳደረጉ ጠይቃቸው። ብዙዎቻችን ከየኔታ ቅኔውን ተቀበልን፣ ይህን ሳንጠይቃቸው አረፉብን።

የንስሐ ልጅ ለመያዝ ደግሞ አትቸኩል። አዲስ ቄስ ሲመጣ ሰው ይጎርፋል፤ ደስ ይላል፣ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። በስም ልታስባቸው የምትችለውን ያህል ብቻ ተቀበል። ከዚያ በላይ የመጣውን "እኔ አቅሜ ሞልቷል" ብለህ በአጥቢያህ ወዳሉት ሌላ አባት ራስህ ወስደህ አስተዋውቀው።